ሌላኛውን ጫፍ ያዥ

ዶክተሯ በጀልባ መጣች፣ ማክሰኞ፣ በዝናብ፤
ሆዴን በሁለት ጣት ዳሰሰች፣ ዐይነ ስውር እንደሚያነብ።
ከዚያ ሮሰንዳን ጠርታ ወደ ማድ ቤት ገባች፤
በሩን ዘጋች።

ግድግዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ፣
በሠላሳ አንድ ዓመቴ፣ እርጥብ ጥድ አታልሎኝ፤
ሳንቃው ሲደርቅ ሸሸ፣ ጣት የሚያሳልፍ ስንጥቅ ተወልኝ።
በዚያ ስንጥቅ ሰማሁ፦ «ጉበቱን ጨርሶታል፤
ክረምቱን ካለፈ ብዙ ነው። አትንገሪው፣ ይሰበራል።»
ሮሰንዳ ምንም አላለች። የድስት ክዳን ወደቀ።
የኔ ሞት መጀመሪያ በብረት ድምፅ ታወቀ።

ከዚያ ወዲያ ውሸት ለቤታችን ሦስተኛ ሰው ሆነ፤
ከእኛ ጋር ሾርባ ጠጣ፣ መሃላችን ተጋድሞ ብርድ ልብስ ተሸፈነ።
እሷ፦ «ፀደይ ሲመጣ ጀልባውን ቅጥራን ትቀባለህ።»
እኔ፦ «እቀባለሁ።»
ጎረቤታችን ኦታሊያ፦ «ፊትህ ዛሬ ፈካ!»
ፊቴ ቢጫ ነው፣ ኦታሊያ፤ ቢጫም ፈካ ይባላል ለካ።
ልጃችን ኢዛኡሮ ከፑንታ አሬናስ ደውሎ
«አባዬ፣ እንዴት ነህ?» ይላል፤ «ደኅና፣» እለዋለሁ፣
ምስማር ነክሶ እንደሚያወራ አናጢ፣ ግማሽ ቃሌ ጎድሎ።

እዚህ ቺሎዌ ላይ ሰው ሰፈር ሲቀይር
ቤቱን ይዞ ይሄዳል፣ ከነጣሪያው፣ ከነበር።
መንደሩ ደቦ ወጥቶ ገመድ ያስራል ከመሠረቱ፤
በሬዎች እስከ ዳርቻው ይስቡታል፣ ባሕር ሲሞላ ይንሳፈፋል
መጋረጃው ሳይወርድ ከመስኮቱ።
ስንቱን ቤት አሻግሬያለሁ፣ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር፤
አንድም ባለቤት አላየሁም «አልሄድም» ብሎ ሲናገር
ገመዱ ተወጥሮ ሳለ።

ሐሙስ ማታ ሮሰንዳን ጠራኋት። ሜትሩን ከኪሴ አወጣሁ።
«ሌላኛውን ጫፍ ያዥ፣» አልኳት፤ ወለሉ ላይ ተዘረጋሁ።
«ምን ልትለካ ነው?»
«የምሠራውን ሣጥን። ለራሴ። ሳንቃው እንዳያንስ፣ እንዳይባክን።»
ዝም አለች። ከጣሪያው የሚንጠባጠበውን ቆጠርን።
ከዚያ ተንበረከከች፣ ጫፉን ተረከዜ ላይ ያዘችው፤
ቁጥሩን መነጽሯን አንሥታ አየችው፦
«አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት። አንተ ሰውዬ፣ አጥረሃል!
ስታገባኝ ሰባ ሁለት ነኝ ብለህ ዋሽተኸኛል።»
ሳቅን። ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅን።
ሳቁ ሲያልቅ አለቀስን፣ መጀመሪያ ለየብቻ፣
ኋላ ግንባር ለግንባር ተደግፈን።

«ሰምተሃል ማለት ነው።»
«ስንጥቁ አለ እኮ።»
«አርባ ዓመት ሙሉ ድፈነው ስልህ...»
«እንኳን አልደፈንኩት።»

ያን ሌሊት ሞትን በስሙ ጠራነው፤ አልመጣም ተጠርቶ፣
እንደ እንግዳ አልተቀመጠም ወንበር ስቦ፣ በር ከፍቶ።
ጠየቀችኝ፦ መጋዙ ለማን ይሰጥ?
የኤርናን ዕዳ ስንት ነው? ከመረቦቹ የቱ ይሸጥ?
ሞርፊኑ ቢያልቅ፣ ሌሊት ቢሆን፣ ማንን ልጥራ?
እኔም ጠየቅኋት፦ ሌላ ባል ታገቢያለሽ?
«ጣሪያው ሳይታደስ ማንንም አላስገባም፣» አለች፤ በቁም ነገር ነበር።

ሁሉን አልተነጋገርንም። ሁሉ በአንድ ሌሊት አይወራም።
ግን ሊነጋ ሲል «እፈራለሁ፣» አልኳት።
«ሞቱን?»
«ሞቱን አይደለም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትን።
ያን ሰዓት ደሴቱ ላይ ማንም የለም።»
«ቀስቅሰኝ፣» አለች። «እኔም ነቅቼ ነው የማነጋው፣
የተኛሁ መስዬ።»

እሑድ ኢዛኡሮ ሲደውል ምስማሩን ከአፌ አወጣሁ።
«ልጄ፣ እየሞትኩ ነው፣» አልኩት። የዚያን አገር ነፋስ በስልኩ ሰማሁ፣
ከዚያ ትንፋሹን። ከዚያ፦ «መቼ ልምጣ?»
ይሄ መልስ ያለው ጥያቄ ነው።
«አሁን። ሳንቃ የሚይዝልኝ ሰው አጣሁ።»

ዛሬ ሣጥኑ ከግማሽ አልፏል።
ከተረፈው ቁራጭ ቀጭን ዘንግ አበጀሁ፣ ስንጥቁን ልደፍን።
ሮሰንዳ መዶሻውን ከእጄ ወሰደች።
«ተወው፣» አለች። «ሾርባ ስሠራ
ትንፋሽህን የምሰማው በዚያ ነው።»