ሰፋው

በመስከረም ቆርጬ ሰፋሁት፣
ሰማያዊ ቴትሮን፣ የዘጠነኛ ክፍል ሱሪ፤
ወገቡ ሰባ ሁለት።
እግሩ ሥር አራት ጣት እጥፍ ተውሁለት፣
ልጅ አይደል፣ ያድግበት።

በኅዳር ይዞት መጣ።
«አባዬ፣ ሱሪው ሰፋኝ።»
«ሱሪው ነው እንዴ የሰፋህ? የሰፋሁትስ እኔ ነኝ!»
ብዬ ቀለድሁ፤ አልሳቀም።
ሁለት ጣት አጠበብሁለት፤
መርፌዬ ስትመላለስ ልቤ አልተመላለሰበት።
ቁመት ሲመዘዝ ወገብ ይሳሳል አልሁ።
በጥር ደግሞ ሁለት ጣት።
ያኔም እንዲሁ አልሁ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አራዳ ገበያ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር፣
በዚህ በተላላጠ ሜትር
የጎንደርን ሰው ልክ ስወስድ የኖርሁ፣
ያረገዘችቱን ከባሏ በፊት አውቃለሁ፣
የከሰረውን ነጋዴ በትከሻው አውቃለሁ።
ቢምረውን ግን፣
ከቤቴ የሚያድረውን፣

ዓይኑ ቢቀላ፣ ለፈተና አምሽቶ ነው፤
ቀን ሙሉ ቢተኛ፣ እድገት ነው የሚያደክመው።
ምሳውን ለእናኑ ሲያሻግርላት
«ደግነቱ!» አልሁ፣ «ለእህቱ ሲሳሳላት!»
ከሣጥኑ ሁለት መቶ ብር ጎደለ፤
ቆጠራ ተሳስቼ ይሆናል።
የኳስ ጓደኞቹ ከደጄ ጠፉ፤
አዲሶቹ በሩ ላይ ቆመው፣ ሳይገቡ፣ ስም ሳይሰጡ፣
በፉጨት ጠርተውት ያልፉ ጀመር።
እናኑ፣ ስምንት ዓመቷ ነው፣
«አባዬ፣ ቢምሬ ሌሊት ብቻውን ይስቃል» አለችኝ።
ሕልም ነው፣ ተኚ አልኋት።
ጎረቤቴ ጥሩአየሁ
«በትምህርት ሰዓት ከቀሃ ድልድይ ሥር አየሁት» ብትለኝ
ሁለት ወር ሰላምታ ነሣኋት።

ለሁሉም መጣፊያ ነበረኝ።
ልብስ ሰፊ መጣፊያ አያጣም።

በሚያዝያ ሦስተኛ መጣ።
ኪሱን ገለበጥሁ፤ የሥራ ደንብ ነው፣
መርፌ እንዳይሰበር ኪስ ይራገፋል።
የጫት ገረባ።
የአረቄ ጠርሙስ ክዳን።
በደብተር ወረቀት የተጠቀለሉ ሁለት ነጭ ኪኒኖች፣
ማን እንዳዘዛቸው የማይናገሩ።

«በርጩማው ላይ ቁም» አልሁት።
ሜትሩን አዞርሁ። ስልሳ አራት።
ደገምሁ። ስልሳ አራት።
ደረቱ ጋ ስደርስ
ልቡ፣ ክር እንዳለቀበት መኪና፣
ባዶውን ይፈጥናል።
ትንፋሹ ማስቲካ ነው፤ ከማስቲካው ሥር ሌላ።
በከንፈሬ አምስት ስፒል ነክሼ ነበር።
ለዚህ ነው ዝም ያልሁት ብል እዋሻለሁ፤
ስፒሉን ከመንከሴም በፊት ዝም ብያለሁ።

አንድ በአንድ መዳፌ ላይ ተፋኋቸው።
«ከመቼ ጀምሮ ነው?»
አልጮኽሁም።
ጩኸቱንማ አባቴ በኔ ላይ ጨርሶታል።

ቆርቆሮውን አየ። ደጁን አየ።
ባጃጅ አለፈ። ሌላ ባጃጅ አለፈ።
«መጀመሪያ ካጠበብህልኝ በፊት» አለ።
ቆይቶ፣ ድምፁ እንደ ጠመኔ እየተፈረፈረ፣
«ቀበቶማ ነበረኝ፣ አባዬ።
ሱሪውን ያመጣሁልህ
ትጠይቀኝ እንደሁ ብዬ ነው።»

ያን ሌሊት መኪናዬን አላንቀሳቀስሁም።
ምላጭ አነሣሁ፤
የጥሩን ስፌት ተረተርሁ፣
የኅዳሩንም ተረተርሁ።
ሱሪው ወደ መስከረሙ ተመለሰ፤ ሰባ ሁለት።
ልጁ ይመለስ አይመለስ ምላጬ አያውቅም።

ጠዋት ወደ ሆስፒታሉ ስንሄድ
ቀበቶውን ረስቶት ነበር፤ ወይም ትቶት።
በአንድ እጁ ወገቡን ጨብጦ፣ ከኔ ግማሽ እርምጃ ቀርቶ፣
ሰው በበዛበት መንገድ።
የማውቀው ጨርቅ ነጋዴ ከሱቁ ብቅ አለና
«አንተ ሰፊ፣ የገዛ ልጅህን! ምነው ሱሪው ሰፋው?» አለኝ።

መጣፊያ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።
ዋጥሁት።
«አዎ» አልሁት፣
«ሰፋው።»