ልክ

ፎቶ ይዤ ሄጄ፣ ከስልኬ ላይ ከፍቼ፣
«እንደዚህ ስፋልኝ» አልኩት ሰው አሳይቼ።
በዳሶ አላየውም። ሜትሩን ከአንገቱ
ስቦ ጀርባዬን ያዘ፣ ጠመኔ በጣቱ፤
የአዳማ ንፋስ ቆርቆሮውን ሲያንኳኳ፣
ዝም ብሎ ለካ፣ ለካ፣ ደግሞ ለካ።

«ግራህ ዝቅ ይላል፣ ሁለት ጣት፣ ከቀኝህ፤
ምን ነበር» አለኝ «በልጅነት የጫኑብህ?»

ለባንክ ባልደረቦቼ ያልነገርኩትን ዕድሜዬን፣
የመቂ ሽንኩርት ያዘመመውን ትከሻዬን፣
በሴንቲሜትር አነበበው። ልክ ልኬን ነገረኝ።
አፈርኩ፤ ቀጥሎ፣ እንጃ፣ ሳቅ ሳቅ አለኝ።

«ጥጥ ልሙላበት ወይ፣ ይደበቅ ከሰው ዓይን?»
«ተወው በዳሶ፣ እንዳለ ይሁን።»

ሐሙስ ለብሼው ስወጣ፣ ግራው ዝቅ እንዳለ፣
ጆንያ ያዘለ ልጅ «ጋሼ፣ ዞር በል!» አለ።
ዞርኩ።
ኮቱም አብሮኝ ዞረ፣ ሳይሸበሸብ።