ከወጪ ቀሪ

ግንቦት ነው በድሬ፤ ቆርቆሮው ይግላል፥
ረምዚ ስልኩን ይዞ «አለ፥ አለ» ይላል።
«ለአይሻ አሥራ አምስት? ነገ ጧት ውሰዱ!
ለጅግጅጋ ሃምሳ? መኪናውን ስደዱ!»

እኔ ከፊራ ጀርባ፥ ከመጋዘኑ ውስጥ፥
ቢን ካርዱ ላይ ጎንበስ ብዬ ከቁጥር ጋር ሳምጥ፦
ቬንቲሌተር፥ ገቢ ሁለት መቶ፥ ወጪ መቶ ሰማንያ፤
ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት፤ ያው ነው፥ ያው ሃያ።

ከሃያው ካርቶን ኋላ፥ እስከ ጣሪያው ድረስ፥
ሽቅብ ተቆልሏል አራት መቶ ብርድ ልብስ።
ብርድ ልብስ! ለድሬ!
«ጋራ ሙለታ ብርድ ነው፥ ጨለንቆ ውርጭ አለ፥
ኮታዬን እጥፍ አድርጉት» ብሎ የማለ
ይኸው ረምዚ ነበር፥ አምና በታኅሣሥ።
እስከ ዛሬ አይጥ ብቻ ነው የወሰደው፥ ያውም በጥርስ።

ሐጂ ቡሽራ ጠሩን። ካልኩሌተር በጉልበታቸው፥
ደረሰኝ በእጃቸው፥ እኛ ሁለት ጥፋተኞች ከፊታቸው።
«እሱ በር ሲከፍት አንተ ትዘጋለህ፤
ኢብሳ፥ ለመሆኑ ከማን ወገን ነህ?»
«ከቁጥሩ» አልኳቸው። ረምዚ ፈገግ አለ፦
«ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም፥ ‹የለም› ከተባለ።»
እኔም በለሆሳስ፦ «ላም አለኝ በሰማይ…»
ሐጂ ሳይስቁ ጨረሱት፦ «ወተቷንም አላይ።»
ኮታው ግን አልተነካም።

ቅዳሜ ከጅግጅጋ አይሱዙ መጣና
ሃያ ጫነ፤ የሠላሳው ቦታ ባዶ ቀረና
ሹፌሩ ሰደበን። ስድቡ በሶማልኛ ነው፤
ረምዚ ግን ያላስተርጓሚ ገባው።

ማታ፥ ልዘጋ ስል፥ በሩ ላይ ቆመ፥
ሸሚዙ በላብ ርሶ፥ ፊቱ እንደ ታመመ።
«አራስ አለችኝ ሳቢያን፤ ቤቱ እንደ ምድጃ።
የቤቴንም ቬንቲሌተር ሸጬው ነበር… ለኮታ፥ እንጃ።»

ካርዱ ዜሮ ቢልም ከራሴ በላይ የሚዞር ነበረ፤
ወንበር ላይ ወጣሁ፥ ፈታሁት፥ ጣሪያው ባዶ ቀረ።
ባጃጁ እንዳይሰብረው በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፥
ዋጋውን በረምዚ ስም «ዱቤ» ብዬ ጻፍኩት።

ወጪ፦ ብርድ ልብስ፥ አንድ። ቀሪ፦ ሦስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ።
እዚያው ካርቶን ላይ ጋደም አልኩ፤ ሙቀቱ አላስተኛኝ።