ከኦቾሎኒ መጠቅለያ ላይ

ከሰዓት፣ አዳማ፣ ከመናኸሪያው በር፣
ነፋሱ አቧራ አንሥቶ ሲዞር ሲሽከረከር፣
ከቶሌራ ሳፋ ኦቾሎኒ ገዛሁ፤
ፍሬው ቶሎ አለቀ፣ ወረቀቱን ያዝሁ።
መነጽሬን ጠርጌ ቀረብ አርጌ ሳየው
የእንግሊዝ ሰው ታሪክ፣ ከወፍራም መጽሐፍ ነው፤

ኤድመንድ ታርንሌይ፣ የሎርድ ሦስተኛ ልጅ፣
አያቱ አድሚራል፣ አጎቱ የንጉሥ ወዳጅ፣
ታላቅ ወንድምየው ሚኒስትር ሆኖ ሳለ
እሱ ከኋላ ወንበር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዋለ።
ስም ነው ያስመረጠው፤ ርስቱ ነው፣ ግንቡ፤
ጭሰኞቹ መጥተው ድምፅ ሰጥተው ገቡ።
አላገባም። ሪህ ነበረበት። ውሻ ይወድ ነበር።
አንዴ ብቻ ቆሞ ተሰማ ሲናገር፦
በሺህ ስምንት መቶ አርባ ሰባት፣ በነሱ ሰኔ፣
ስለ አንድ ትንሽ ድልድይ፣ «ክቡራን ሆይ፣ እኔ

እዚያ ላይ ተቀዷል።
ከ«እኔ» በታች የዘይትና የጨው ወዝ ቀርቷል።

በማግስቱ ሄድሁ፤ በሣልስቱም ደገምሁ፤
ሐኪም ጨው ከልክሎኝ ኦቾሎኒ ለቀምሁ።
አንዴ የሒሳብ ደብተር፣ አንዴ የመብራት ቢል፣
አንዴ የሠርግ ጥሪ፣ «ከነቤተሰብዎ» የሚል።
ቶሌራ ታዘበኝ፦ «ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎ?»
«ሰውዬ» አልሁት። ሳቀ። «ታዲያ ፖሊስ አለልዎ።»

ሌሊቱን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

እኔ እኮ ሠላሳ ዓመት፣ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ፣
ቃለ ጉባኤ ጽፌያለሁ፣ ሰው ሲናገር ሳዳምጥ።
የግራዝማቹ ልጅ አቶ በዳሳ ነበሩ፤
ወንድማቸው ጄኔራል፣ በአባታቸው ስም ሠፈሩ፤
ከምሰሶው ሥር፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፍተው፣
እጅ ሲወጣ ያወጣሉ፣ ከሁሉም ዘግይተው።
አንድ ቀን ግን ቆሙ።
ባርኔጣው ወደቀ፣ አላነሡትም።
ድምፃቸው እየተንቀጠቀጠ ብዙ ተናገሩ፤
ሁለቱ አዛጉ፣ ሌሎቹ ሰዓት ይቆጥሩ ጀመሩ።
ስለ ውኃ ነበር? ስለ ዛፍ? ስለ መቃብር?
እኔ እርቦኛል፤ ብዕሬም ሊደርቅ ነበር።
የጻፍሁትን ግን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፦
«አቶ በዳሳ አስተያየት ሰጡ።»
አራት ነጥቡ ሳይቀር።

አሁን ያ መዝገብ ቤት ሊታደስ ነው ተብሎ
ወረቀቱ ተሸጧል አሉ፣ ተመዝኖ በኪሎ።
አንድ መንገደኛ፣ አውቶቡስ እስኪሞላ፣
ፍሬውን ጨርሶ ያነበው ይሆናል፤ በኋላ
የቀረው የት አለ ብሎ ይገለብጠዋል፤

ጀርባው ባዶ ነው።