ግራ እጅጌ

ማምሻውን ለገሃር፣ ከባቡሩ ድልድይ ሥር፣
ሸራዬን ዘርግቻለሁ፣ አራት ጫፉ በገመድ የሚታሰር፤
ደንብ አስከባሪ ብቅ ሲል
አንዴ ስቤ እንደ ከረጢት፣ ከነልብሱ ልኮበልል።

«ምርጫው መቶ! ምርጫው መቶ!»
ድምፄ ሻክሯል። ሰው ከታክሲ ሰልፍ ወጥቶ
ያገላብጣል፣ ይጥላል፣ ደግሞ ያነሳል።
ቦንዳው ዛሬ ነው የተፈታ፤ ገና የብል መድኃኒት ያስነጥሳል።

ከመሀሉ አንድ ሸሚዝ፣ ውሃ ሰማያዊ።
ሰው አንገቱን ያያል፣ የተጻፈበትን የባዕድ ስም፤
እኔ ግራ እጅጌውን ነው የማየው።
ልማድ ነው፤ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት፣
በፋብሪካው ላይን አራት፣ ወንበር ዐሥራ ስምንት፣
ግራ እጅጌ ብቻ ሰፋሁ።
አንገቱ የሌላ ሴት፣ ኪሱ የሌላ፤
ቀኙን የምትሰፋው ከግድግዳው ወዲያ ነበረች፣ አይቻት አላውቅም።
በሰዓት ሰማንያ እጅጌ። ሰማንያ የሞላሽ ቀን
ታርጌቱ ዘጠና ነው።
ወንድሜ በስልክ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲለኝ
«ግራ ገባኝ» እለው ነበር። ይስቃል።
አልዋሸሁትም።

የሽንት ቤቱ ካርድ አንድ ነው፣ ለሠላሳ ሴት፣
በክር የተንጠለጠለ፣ ከሱፐርቫይዘሯ አንገት።
ሽታዬ፣ ወንበር ዐሥራ ዘጠኝ፣
ካርዱን ላለመለመን ውሃ መጠጣት ተወች፤
ከንፈሯ ተተለተለ።
አንድ ሐሙስ፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣
ግንባሯ ጨርቁ ላይ ወደቀ፤
እግሯ ግን ፔዳሉን እንደተጫነ ነው፤ መርፌው አልቆመም፤
የሸሚዙን እጅጌ
ከራሷ እጅጌ ጋር እየሰፋ ቀጠለ።

መቀስ ይዤ የለየኋቸው እኔ ነኝ።
«የሷን ቁረጪ! የኛን እንዳትነኪ!»
አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ።

ከዚያ ወዲህ በያንዳንዱ እጅጌ ጫፍ
ክሩን ሦስቴ መለስኩት፣ ትእዛዙ ሁለቴ ቢልም፤
ለምን? እንጃ። ለሷ ይመስለኛል።
የቆጠረው የለም።

አሁን የስልኬን መብራት አብርቼ ቆጠርኩ፤
አንድ። ሁለት።
ሦስት።

ክርኑ አልሳሳ፣ ቁልፉ አልላላ፣
ሁለቴም አልታጠበ፤
ጠግበውት፣ ምጽዋት ሆኖ ባሕር ተሻግሮ መጣ።
ቀኝ የመጸወተውን ግራ አይወቅ ይባላል፤
ይኸው፣ ግራው አወቀ።

«ስንት ነው?» አለች አንዲት ልጅ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ።
«መቶ።»
«ሰማንያ አርጊልኝ።»
ሰማንያ።
«ስፌቱስ ጠንካራ ነው?»
«ግራውን እምልልሻለሁ፤ የቀኙን ባለቤት አላውቃትም» አልኳት።
ሳቀች። ቀልድ መስሏት።

«ደንብ! ደንብ!» ጮኸ ካልሲ ሻጩ ከወዲያ ጫፍ።
ገመዱን ሳብኩ።
እሷ ቀኙን እጅጌ ይዛለች፣ እኔ ግራውን፤
ተጓተትን።
ስፌቱ አልተተረተረም።

ለቀቅኩላት፤ ሸራዬን ተሸክሜ ወደ ስታዲየም ሮጥኩ፤
ሰማንያውንም አልተቀበልኩ።