የጦይባ ጉድለት

አስር በር አንኳኳሁ ከሆጤ ዳገት ላይ፣
ጦሳ ጉም ደርቦ ፀሐይም ሳትታይ።
እስክሪብቶ ሲደርቅ በትንፋሼ እያሞቅሁ ስገባ፣
ጥያቄዬ አንድ ነው፦ «ስንት አላችሁ ቁጠባ?»

ጎማ አስመጪው ሐጂ ኑርዬ፣ በባንኩ ማኅተም፣
አራት መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ፤ ሳንቲም አልጎደለም።
የፈትል ፋብሪካው ሠላሳ ዓመት የፈተላት ሸዋረጋ፣
አስራ አንድ ሺህ አላት፤ ጉልበቷ ያወጣው ዋጋ።
ባለባጃጁ አስናቀ ስልኩን ከኪሱ መዞ፣
«ሰባት መቶ አለኝ» አለ፣ «እሱም ለነገ ነዳጅ ተይዞ።»
ጦይባ ከማሽላው ጋን እጇን እስከ ክርኗ ከታ፣
አንድ ሺህ ሦስት መቶ አሳየችኝ፣ በፌስታል ቋጥራ አስተኝታ።
የቀሩት ስድስት ቤቶች ዕዳ እንጂ ጥሪት የላቸው፤
ቅጹ ለዕዳ ሳጥን የለው፣ ዜሮ ብዬ አለፍኳቸው።

ቢሮ ገባ ወረቀቴ። ተደመረ። ተካፈለ።
«የአንድ ቤተሰብ ቁጠባ ሃምሳ ሺህ ብር ነው» ተባለ።
«ድጎማ አያሻውም» ተብሎ ሰፈሩ ከዝርዝር ተፋቀ፣
ስብሰባው በጭብጨባ፣ በአምቦ ውሃ ተጠናቀቀ።
እኔም አጨበጨብኩ።

በሣልስቱ ጦይባ ከደጄ ቆመች፣ ገና ሳይነጋ፣
ጋኑን ገልብጣ ፈትሻ፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ።
«ሃምሳ ሺህ አላችሁ ብሎ ድምጽ ማጉያው ነገረኝ፤
ብቆጥር ብቆጥር፣ አርባ ስምንት ሺህ ሰባት መቶ ጎደለኝ።
አልጠረጠርኩህም ልጄ፤ ብቻ ወረቀትህን እስቲ አራግፍ፣
ከአንዱ ቅጽ ጋር ተጣብቆ፣ የሰው ገንዘብ አብሮህ እንዳያልፍ።»

ምን ልበላት?

«ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ስትወርጂ፣
ላይ ብርድ ነው፣ ታች ሙቀት፤ አማካዩ የቱ ነው ብለሽ ብትፈርጂ፣
ሐረጎ ነው መሃሉ፤ ጥምዝዙ ላይ፣ ከገደል አፋፍ፤
ማን ቤት ሠርቷል እዚያ? ማን ይተኛል ከጉም ጫፍ?
ሃምሳ ሺህም እንደዚያ ነው፤ ከአስሩ ቤት የማንም አይደል፤
ሰልፍ ብትይዙ በተራ፣ መሃል የቆመው ዜሮ ይላል።»

ዝም አለች። ሐረጎን ታውቀዋለች፤
ስንት ዘመን በርበሬ ጭና በዚያ ወርዳለች።
«ታዲያ» አለች፣ «ሃምሳ ሺህ ያለው የጉም ውስጥ ሰው ከሆነ፣
የኔ ስም ከዝርዝሩ ምነው በእሱ ፈንታ ተነነ?»

ወረቀቴን አራገፍኩላት።
አንዲት የማሽላ ፍሬ ዱብ አለች፤
ጎንበስ ብላ ለቀመቻት፣ ይዛት ሄደች።