ዳማ

የጦሳ ጉም ወርዶ ቧንቧ ውሃ ላይ ሲተኛ፣
ሁለቱ ይቀመጣሉ፣ ሹፌርና ዳኛ፣
ከሸማኔው ደጃፍ፣ ከቆርቆሮው ጥላ፣
በለስላሳ ሳጥን ላይ ዳማዋ ተደላድላ።
ጠጠሩ ቆርኪ ነው፤ ያንዱ ፊቱ ወደ ላይ፣
የሌላው ጀርባውን ሰጥቷል ለሰማይ፤
ሰሌዳው ከበር ሥራ የተረፈ ቅብ፣
ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ እንደ ጎመን መደብ።

«እዚህ ላይ አይምታታም፤ ድንበሩ ይለያል፤
ቀዩ ቀይ፣ ጥቁሩ ጥቁር፤ ማን ምን ይላል?»
ይላል ዳኛ ወሰኔ፣ መነጽሩን ገፍቶ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው መሬት ለክቶ።

እንድሪስ ይስቃል፣ ያሳይታው ሹፌር፤
«ለኔስ ወለል ነው ይሄ፤ ባቲ ሆቴል ሳድር፣
በጨርቅ የምትወለውል አንዲት ልጅ ነበረች፤
ሁለቴ አናገርኳት፤
              ሁለቴም ጠረገች።»

ውስጥ ሸማኔው ይመር፣ እግሩ ጉድጓድ ገብቶ፣
ይወረውራል ዝም ብሎ፣ ጨዋታውን ሰምቶ።
የሙሽራ ሽርጥ ነው፤ ለቃሉ ሰው፣ ለነገ፤
ክሩ በጨለማው ተበጥሶ፣ ጫፉን በጣት ፈለገ።
ከዚያ ወጣ ቀስ ብሎ፣ ጨርቁን ክንዱ ላይ አንጥፎ፤
«ጋሽ ወሰኔ፣» አለ፣ በጉልበቱ ተደግፎ፣

«የናንተ ቅብ ነው። ቅብ ጎረቤት አያውቅም።
ጥቁር ድር ቀይ ማግ ሲያገኝ ግን፣ እንደ ነበር አይቀርም፤
እዚህ ቀይ፤ እዚህ ጥቁር፤ እዚህ ጋ እይ ደግሞ፣
አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቶ፣ አንዱ ባንዱ ስር ቆሞ።»

ዳኛው ጨርቁን ይዞ ወዳይኑ አስጠጋ፤
ቀይ አይሉት ጥቁር፤ የወረኢሉ ፈረስ፣ ላብ ያጠጣው፣ ሲነጋ።
«ዳማ ነው፣» አለ ይመር፣ «ይሄ ነው ስሙም፤
ስሙ እናንተ ጋር አለ፤ መልኩ ግን የለም።»

«የማን ነው?» አለ ዳኛው፤ የቆየ አመል ነው።
«ድሩም የኔ ይላል፤ ማጉም የኔ ነው።
መለየት ካማረህ ትችላለህ፤ ይተረተራል።
ሁለት ልቃቂት ታገኛለህ።
              ሙሽራው ምን ይለብሳል?»

ዳኛው ዝም አለ።
ኩታበር፣ የሁለት ወንድማማች እርሻ ታወሰው፤
ገብሱ ባቄላ ያቀፈበትን ዳር በገመድ የከፈለው።

«ተጫወት እንጂ፣» አለ እንድሪስ።
              ቆርኪዋን አንስቶ፣ እያየ፣
ቀዩ ላይ አላረፈ፤ ጥቁሩ ላይም አልቆየ፤
መስመሩ ላይ አኖራት፣ ከሁለቱ መሀል።
እንድሪስ ሕጉን ያውቃል፤
              ዝናቡን ያዳምጣል።